ሦስተኛው ጣቢያ

ተክለማርያም፦ ቀጥ አድርገው አልኩህ እኮ።

ታረቀኝ፦ ጋሼ፣ ቀጥ ካደረግኩት ዳገቱን እንዴት ይወጣል?

ተክለማርያም፦ ማን?

ታረቀኝ፦ ባቡሩ።

ተክለማርያም፦ [ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ እየተነፈሰ] ይሄ ካርታ ነው ታረቀኝ። ካርታ ላይ ዳገት የለም።

ታረቀኝ፦ እንዲህ ከሆነማ ጥሩ። እኔ ለባቡሩ አዝኜ ነው።

ሁለቱ የሚጨቃጨቁት በዲላ ማዘጋጃ ቤት ግቢ፣ ግድግዳ ላይ በተደገፈ ሰፊ ቆርቆሮ ፊት ቆመው ነበር። በጃንሆይ ዘመን ነው። ባቡር ከናዝሬት ተነሥቶ ዲላ ይገባል የሚል ወሬ ከተማውን እንደ ጠጅ አናቱ ላይ ወጥቶበታል። ሽማግሌዎቹ የባቡር ጭስ ቡና ያደርቃል ወይስ ያበላሻል እያሉ ይከራከራሉ፤ ከወርቃ ድረስ ሰው እየመጣ ባቡሩ እኛ ጋ ቆም ሳይል ያልፋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ማዘጋጃ ቤቱም ከጠቅላይ ግዛቱ ለሚመጡት እንግዶች ባቡሩ ከተማው ውስጥ የት የት እንደሚቆም የሚያሳይ ካርታ እንዲሠራ አዘዘ።

ሥራው ለተክለማርያም ተሰጠ። በወጣትነቱ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ቤት ሠርቷልና በባቡር ነገር ዲላ ላይ እሱን የሚደፍር አልነበረም። መጀመሪያ የሣለው ካርታ ግን አላማረለትም። ወንዙንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ እያንዳንዱን የእግር መንገድም አስገብቶበት፣ ያየው ሁሉ የዶሮ ሆድ ዕቃ መሰለኝ እያለ ሳቀበት። ስለዚህ እንደገና ሊሠራው ቆረጠ። አሁን ቀጥ ያሉ ባለ ቀለም መስመሮችና ክብ ክብ ጣቢያዎች ብቻ፤ ማንበብ የማይችል እንኳ አይቶ የሚገባው። ቀለሙን የሚቀባለት የቡና ቤቶችን ሰሌዳ የሚጽፈው ታረቀኝ ነው፤ እጁ እንጂ ጭንቅላቱ አይፈጥንም ይባል ነበር።

ተክለማርያም፦ ቀዩ መስመር የመንገደኛ ነው፤ አረንጓዴው የቡና።

ታረቀኝ፦ ነጋዴውስ በየትኛው ይሄዳል?

ተክለማርያም፦ መንገደኛ አይደል? በቀዩ።

ታረቀኝ፦ ቡናውን ብቻውን ልኮ? ኧረ ጋሼ፣ የዲላን ነጋዴ አያውቁትም ማለት ነው።

ተክለማርያም ምሳውን ሊበላ ሄደ። ሁለት ጣቢያ ነበር ያዘዘው፤ አንዱ ገበያው ጋ፣ አንዱ የጭነት መኪኖቹ መቆሚያ ጋ። ሲመለስ ከታች ወንዙ ዳር ሦስተኛ ክብ ተሥሎ አገኘ። ሊቆጣ ብሎ ካርታውን እንደገና አየው። ክቧ ካርታውን አሳምራዋለች። ቀና ብሎ ቀለም ቀቢውን አየው። ታረቀኝ ሰሞኑን የባቡሩን መንገድ ሊያጠኑ የመጡት መሐንዲሶች ያረፉበትን ሆቴል ሲቀባ ነው የሰነበተው፤ አንድ ነገር ሳይሰማ አይቀርም።

ተክለማርያም፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ይሄን ማን ነገረህ?

ታረቀኝ፦ ማንም። ከላይ ነው የወረደው።

ተክለማርያም፦ ከላይ?

ታረቀኝ፦ አዎ። እኔ ምን ላድርግ፣ ከወረደ በኋላ ክብ አደረግኩት።

ተክለማርያም፦ በቃ፤ ለሌላ ሰው እንዳትናገር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተክለማርያም ወንዙ ዳር ወረደ። ክቧ ያረፈችበት ቦታ ረግረግ ነው፤ ባለቤቱም ከአባቱ የወረሰው ታረቀኝ ራሱ ሆኖ ተገኘ። ተክለማርያም እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆሞ፣ ለካስ ይሄ ቂል የሚመስለው ሰው ጣቢያውን ደጃፉ ድረስ ሊያመጣው ኖሯል ብሎ ተገረመ፤ ቀናም። በማግስቱ አውራ መንገድ ዳር ያለውን ቤቴን በረግረግህ ልለውጥህ አለው። ታረቀኝ ደነገጠ። እዚያ በሬ እንኳ ይሰምጣል ብሎ ነገረው። ክቧም መሰላል ላይ ካስቀመጠው ጣሳ ፈስሶ የነጠበ ቀለም ናት ብሎ ማለለት። ተክለማርያም ምስጢር እንደሚያውቅ ሰው ሳቀ። ታረቀኝ እውነቱን በደጋገመ ቁጥር የተክለማርያም ልብ ይባስ ተነሣሣ። ሚስቱ አትጠገብ ብትለምነው፣ ብታኮርፈው አልሆነም። ታረቀኝም እምቢ ማለቱ ቢያቅተው ልውውጡ በሽማግሌ ፊት ተፈጸመ፤ ተክለማርያምና ሚስቱም ረግረጉ ላይ ጎጆ ቀለሱ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እንቁራሪቱ አልጋው ሥር ይጮኽ ጀመር።

እንግዶቹ መጡ። ካርታውን አይተው እንዲህ የሚያምር አላየንም አሉ። አብሯቸው የመጣው መሐንዲስ ግን ሦስተኛዋን ክብ በጣቱ ነክቶ፣ ረግረግ ላይ ጣቢያ የሚያስበው ማነው ብሎ ጠየቀ። ታረቀኝም በቅንነት ወደ ቆርቆሮው ጠጋ ብሎ ቀለሙ ከላይ ወደ ታች የፈሰሰበትን ቀጭን ፈለግ አሳየ። ሁሉም ሳቁ። ተክለማርያም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ ጉንጩ አልታዘዝ አለው። እንግዶቹ ሲወጡ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

ታረቀኝ፦ ጋሼ፣ እኔ እርስዎ ቤት ተኝቼ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ቤትዎን ይውሰዱት።

ተክለማርያም፦ በሽማግሌ ፊት የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም።

ታረቀኝ፦ [ብሩሹን አንሥቶ] እንግዲያው ክቧን ከረግረጉ ላንሣት። መንገድ ዳር፣ ከድሮው ቤትዎ ደጃፍ አደርጋታለሁ።

ተክለማርያም፦ ቤቱ አሁን የማን ነው?

ታረቀኝ፦ የኔ።

ተክለማርያም፦ [ካርታውን በጀርባው ከልሎ] እንዳትነካት።

ታረቀኝም አልነካትም። ካርታው ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተሰቀለ። ተክለማርያም ጠዋት ጠዋት ከወንዙ ዳር ይወጣና አዳራሹ በር ላይ የጫማውን ጭቃ ያራግፋል፤ ክቧ ቦታዋ ላይ መሆኗን አይቶም ልቡ ረክቶ ይመለሳል።