ይለፍ የሌለው ሴል

ሰውነታችሁ ውስጥ እናንተን ሳያስፈቅዱ የሚገድሉ ዘበኞች እንዳሉ ታውቃላችሁ? ተፈጥሯዊ ገዳይ ሴሎች ይባላሉ። ሌሎቹ የደም ወታደሮች ጠላትን ለመለየት ጊዜ ይወስዳሉ፤ እነዚህ ግን ሳይሠለጥኑ ነው ሥራ የሚጀምሩት። ያገኙትን ሴል ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃሉ። በቫይረስ የተያዘ ወይም ወደ ካንሰር የዞረ ሴል ብዙ ጊዜ መታወቂያውን ይጥላልና አይምሩትም። ደግነቱ መታወቂያ ስለጠፋ ብቻ አይቸኩሉም፤ «ተዉት፣ ጤነኛ ነው» የሚል ሌላ ምልክት ካለም ያያሉ።

በደርግ ጊዜ ነገሌ ቦረና ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ስለነዚህ ሴሎች የሚያወራ መጽሔት እጄ ገብቶ አላስበላ አላስጠጣ ብሎኝ ሰነበተ። ሻኪሶ ያለችው እህቴ ወልዳ ልጠይቃት ስሄድ፣ ከቀበሌ ያወጣሁትን የይለፍ ወረቀት የት እንዳደረግኩት ትዝ ያለኝ አውቶቡሱ ኬላ ላይ ለፍተሻ ሲቆም ነው። ያነበብኩበት ገጽ እንዳይጠፋብኝ ብዬ መጽሔቱ ውስጥ ከትቼዋለሁ። መጽሔቱ ቤት ነው።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ አልሳቅኩም። በዚያ ዘመን ከአውቶቡስ ያወረዱት ሰው መቼ እንደሚመለስ፣ መመለሱንም፣ የሚነግራችሁ አልነበረም። ከኬላው አጠገብ ካለው ግራር ሥር ከሌላ መኪና የወረዱ ሁለት ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ወረቀት!» አለኝ ለፍተሻ የገባው ታጣቂ።

አጠገቤ አንድ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ። ከነገሌ ጀምሮ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። በትራቸውን ተደግፈው ቀና አሉና ታጣቂውን በኦሮምኛ «ናጋ?»፣ ሰላም ነው፣ አሉት።

«ናጋ» አለ።

«ወሪ ናጋ? ሎን ናጋ?»

ከቤተሰቡና ከከብቱ በኋላ ዝናቡ፣ ከዝናቡም የውሃ ጉድጓዱ ተጠየቀ። እዚያ አገር የሽማግሌ ሰላምታ አይቋረጥም። ታጣቂው የአካባቢው ልጅ ነውና ጠመንጃውን ትከሻው ላይ መልሶ እያንዳንዱን በ«ናጋ» መለሰ። ሰላምታው ሲያልቅ ፊቱም ለስለስ ብሎ ነበር።

«ይሄ የኔ ሰው ነው» አሉት ያኔ። «የልጄ አስተማሪ ነው።»

ልጃቸውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ታጣቂው አለፈኝ።

ከኋላዬ ጀሪካን የታቀፈ ጎልማሳ ተቀምጧል። እሱም ወረቀት የለውም። ሽማግሌው በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

«የተማሪዬ አባት ነው በል። እኔን ሁለቴ አያምነኝም» አሉኝ በሹክሹክታ።

አፌን ከፈትኩ። «ያንተስ ወረቀት?» ቢለኝስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ፈራሁ፤ ለፍርሃቴ ሌላ ስም አልሰጠውም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ሰውየው ወርዶ ግራሩ ሥር ከሁለቱ ጋር ተቀመጠ፤ ጀሪካኑ ወንበሩ ላይ ቀረ። ሽማግሌው እስከ ሻኪሶ ፊታቸውን ወደኔ አላዞሩም።

ከተመለስኩ በኋላ ክፍል ገብቼ መጽሔቱን ስገልጥ ይለፌ ካስቀመጥኩበት አለ። ስለ ገዳይ ሴሎቹ ሳስተምር አንዷ ተማሪዬ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ተሳስተው ጤነኛውን ይገድላሉ?»

«'ተዉት' የሚል ምልክት ካላዩ ሊሆን ይችላል» አልኳት፤ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

በሴል አይፈረድም። ስለ ጎረቤቱ የሚናገርበት አፍ የለውም። እኔ ነበረኝ።