ስትረስ ያለባቸው ጫጩቶች

(ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ፣ 2008 እ.ኤ.አ.። የአንድ አፓርትመንት መታጠቢያ ቤት። ይገዙ ዳላስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ታክሲ ነድቷል። ሸምሱ በዲቪ ከመጣ አራት ወሩ ነው፤ ክፍል ተከራይቶ ከይገዙ ጋር ይኖራል። ገንዳው ውስጥ አሁን ከፖስታ ቤት የመጡ ሃያ አምስት ጫጩቶች አሉ።)

ይገዙ፦ ውሃ አይሰጣቸውም አልኩህ። መጀመሪያ ምግብ ነው።

ሸምሱ፦ ሁለት ቀን ሙሉ በካርቶን ተጉዘው እኮ ነው የመጡት፣ ጋሼ።

ይገዙ፦ ለእኔ ትነግረኛለህ? ፖስታ ቤቱ ኮል ያደረገው እኔን ነው። ሺፒንግ ስትረስ ይባላል፣ የጉዞ ጭንቀት።

ሸምሱ፦ ስትረስ? ሥራ ሳይጀምሩ?

ይገዙ፦ አንተን ማስረዳት ከባድ ነው። እኔ ስለ ጫጩት ሦስት ቪዲዮ ጨርሻለሁ። ሶ፣ ዝም ብለህ ተማር። ይኼ ገንዳ ከአሁን ወዲያ ብሩደር ነው።

ሸምሱ፦ የማን ብራዘር?

ይገዙ፦ ብሩደር፣ ሸምሱ። የጫጩት ማሞቂያ። ጋርላንድ ከተማ ግቢ ያለው ቤት እስክገባ እዚህ ያድጋሉ። ይኸው፣ እንዲሞቃቸው ከላይ የሰቀልኩትን መብራትም ዝቅ አደረግኩላቸው።

ሸምሱ፦ አፋቸውን ከፍተው ወደ ዳር እየሸሹ ነው።

ይገዙ፦ ርቧቸው ነዋ። አፍ የሚከፈተው ለምንድን ነው?

ሸምሱ፦ እኔ ሙቀት የበዛባቸው ነው የሚመስለኝ።

ይገዙ፦ ከፍዬ የገዛሁት እኔ፣ የሚመስልህ አንተ።

(ሸምሱ መብራቱን ከፍ አድርጎ ያስረዋል። ጫጩቶቹ ቀስ በቀስ ወደ መሃል ይመለሳሉ።)

ይገዙ፦ አየህ? ለመዱኝ።

ሸምሱ፦ እሺ ጋሼ። ገንዳው ግን ያንሸራትታቸዋል፣ እግራቸው ይበላሻል። ፎጣ እናንጥፍላቸው።

ይገዙ፦ የእኔን ፎጣ? ሆቴል ነው እንዴ የያዙት?

(ሸምሱ የራሱን ፎጣ አምጥቶ ያነጥፋል።)

ይገዙ፦ (አንዱን ጫጩት እግሩን ይዞ አንጠልጥሎ) ይኼ አልቆለታል። ጋርቤጅ ውስጥ ጣለው።

ሸምሱ፦ እስቲ ስጠኝ።

(በመዳፉ አቅፎ ያሞቀዋል። ለብ ባለ ውሃ ስኳር በጥብጦ የጫጩቱን ምንቃር ጫፉን ብቻ ይነክርለታል።)

ይገዙ፦ አሁን ለሬሳ ሻይ ይቀርባል? ኦኬ፣ ዳቦም ጨምርለት።

(ጫጩቱ ይውጣል። ደግሞ ይውጣል። ዓይኑን ገልጦ ቀጭን ድምፅ ያሰማል።)

ይገዙ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ማለቴ... ጄት ላግ ነበር።

ሸምሱ፦ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ምንቃራቸውን እንንከርላቸው። ጎድጓዳ ሳህን አይሆንም፣ ይሰምጣሉ። የማሰሮ ክዳን ላይ ጠጠር አድርገን ውሃ እንሙላበት። ከጠጡ በኋላ ነው ምግብ የምንሰጣቸው።

ይገዙ፦ ቆይ። ይኼን የትኛው ቪዲዮ ላይ አየኸው?

ሸምሱ፦ ቪዲዮ አላየሁም። ዘጠኝ ዓመት ደብረ ዘይት የዶሮ እርባታ ሠርቻለሁ። በአንድ ዙር አራት ሺህ ጫጩት እረከብ ነበር።

(ይገዙ ገንዳው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል።)

ይገዙ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ሸምሱ፦ ኤርፖርት የተቀበልከኝ ቀን፣ «እዚያ የተማርከውን ሁሉ እርሳ፣ እዚህ አይሠራም» አልከኝ። ይኸው አራት ወር ሙሉ እየረሳሁልህ ነበር።