ልጆቹን የሚውጠው የግሪክ አምላክ

ሰው በሚያመልከው አምላክ ምክንያት ቢከሰስ ወግ ነው፤ ሰማዕት ይባላል። ማንም በማያመልከው፣ ግሪኮቹ ራሳቸው እርግፍ አድርገው በተዉት አምላክ መከሰስን ግን ምን ትሉታላችሁ? እኔ ላይ ደርሷል።

በደርግ ዘመን አዋሽ ሰባት ኪሎ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን ባቡሩ እንደ ልማዱ ዘገየና፣ የወሎው ሰው ሐጂ ሰይድ ሻይ ቤት ውስጥ በሙቀት ስንጠበስ፣ «መምህር፣ እስቲ አንድ ነገር አጫውተን» አሉኝ ሐጂ። ይቺ የማታርፍ ምላሴ! የክሮኖስን ተረት ጀመርኩ። ክሮኖስ የጥንት ግሪኮች አምላክ ነው። ከሥልጣን ያወርዱኛል ብሎ የገዛ ልጆቹን እየዋጠ ሲኖር፣ እናቱ ደብቃ ያሳደገችው ዜውስ የሚባል ልጁ ተነሥቶ ገለበጠው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይላሉ አበው። አበው ቀበሌ ተጠርተው አያውቁማ! በማግሥቱ ካድሬው ፊት ቆምኩ። «ልጆቹን የሚበላው ማን ነው?» አለኝ። ክሮኖስ አልኩት። «እሱ ሽፋን ነው። ማንን ለማለት ነው?» ስንቱ በዚህች ጥያቄ ገብቶ ቀርቷል! «ገልባጩስ አሁን የት ነው ያለው?» ኦሊምፖስ የሚባል ተራራ ላይ አልኩት። ተራራ የሚለውን ሲሰማ ብዕሩን አነሣ፤ «ስንት ሆነው ነው የሸፈቱት?»

ኧረ በሕግ! ተረት ነው ብል፣ ጥንት ነው ብል፣ ማን ሰምቶኝ!

ሐጂ ሰይድ ለምስክርነት ተጠሩ። ይህ ሰው መንግሥት ልጆቹን ይበላል ብሎ አውርቷል ወይ ተባሉ። «አስተግፊሩላህ! ያወራው ስለ ጣዖት ነው» አሉ ሐጂ፣ ጢማቸውን እየዳበሱ። «መንግሥት ልጆቹን ይበላል ሲባልስ፣ ወላሂ፣ ገና አሁን ከእርስዎ አፍ መስማቴ ነው።»

ካድሬው ላቡን ጠረገ። ወዲያው ነገሩን ገለበጠና ክሮኖስ የለየለት አድኃሪ መሆኑን ወሰነ፤ ለሰፊው ሕዝብም ራሱ ሊያጋልጠው ስብሰባ ጠራ። ተረቱን ከእኔ አሳምሮ ተረከው፤ ከዚያ ግራ እጁን አንሥቶ፣ «ልጆቹን የሚበላ ገዢ ይውደም!» አለ።

መጀመሪያ ከኋላ አንዲት እናት ብቻዋን ድምፅዋን አሰማች፤ «ይውደም!» ከዚያ የባቡር ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ሁሉም አስተጋባ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ሕዝብ እንዲያ ከአንጀቱ መፈክር ሲያሰማ አይቼ አላውቅም።

ካድሬው በሕዝቡ ንቃት እጅግ ረክቶ፣ «አልተሰማም፣ ድገሙት!» አለ።