እንቁራሪቶች ሰው ፍለጋ ወጡ

ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድንኳን ውስጥ ጋደም እንዳልኩ፣ ይህን በሕልሜ አየሁ።

እንቁራሪቶች ሰው ፍለጋ ወደ ሰፈራችን መጡ። ቁመታቸው የመብራት እንጨት ያህላል፤ ሁሉም ቦት ጫማ አድርገዋል። የየቤቱን ቆርቆሮ ቀስ ብለው ያነሣሉ፣ ከሥሩ ያያሉ፣ ከዚያ እንደነበረ መልሰው ይገጥሙታል። እኛም እንቁራሪት ፍለጋ ድንጋይ ስንገለብጥ እንዲሁ ነው የምናደርገው።

እኔ ከጎረቤቴ ከእትዬ የሺመቤት ጋር አልጋ ሥር ተደብቄ ነበር።

“ትንፍሽ እንዳትል” አሉኝ። “ዝም ካልናቸው ይሄዳሉ።”

ውጭ አንዲት እንቁራሪት ቴፕ ከፈተች። የታክሲ ወያላ ድምፅ ነበር፦ “ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!” እኔ ደግሞ ሥራ ረፍዶብኛል። ሳላስበው “አለሁ፣ ጠብቀኝ!” ብዬ ሮጬ ወጣሁ። መዳፏ ውስጥ ዘው አልኩ።

“ያዝኩት ዶክተር! ወንድ ነው! ለጥሪው መለሰ!”

ዶክተሩ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ እንቁራሪት ነበር። “ቀስ በይ፣ መጀመሪያ እጅሽን አርጥቢ። ቆዳው ስስ ነው” አላት። ከዚያ ከአፍንጫዬ እስከ መቀመጫዬ ለካኝ።

“እግሬስ?”

“እግር አይቆጠርም፣ ልጄ።” ዓይኑ እንባ አቀረረ። “አልቃችኋል ሲሉን ነበር እኮ።”

አጥሩ ላይ አንድ አዞ ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሰፈሩን ቆፍሮ ኩሬ ሊያደርገው ተፈቅዶለታል።

“አንድ ብቻ ነው?” አለ። “አንዱማ መንገድ የሳተ ይሆናል። ደንቡ ሁለት ይላል። ሌላ ድምፅ ካልተሰማ ቁፋሮው አሁን ይጀመራል።”

“አትቸኩል እንጂ፣ አያ አዞ!” አለው ዶክተሩ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ “ጩህ ልጄ፤ ካለ ይመልስልሃል” አለኝ።

“እትዬ የሺመቤት!”

ዝም።

“እትዬ የሺመቤት! አይጎዱንም! እጃቸውን እንኳ አርጥበዋል!”

ዝም። አዞው ጃንጥላውን አጠፈ። ከኋላው ጉማሬዎች አካፋቸውን አነሡ። እንቁራሪቷ ማስታወሻዋን በደረቷ አቅፋ ታለቅስ ጀመር። ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ፦

“እትዬ የሺመቤት! ስለ እመብርሃን! አንድ ቃል!”

አልጋው ሥር ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ሰማሁ።

ነቃሁ።

ኦቦ ገመቹ፣ በደኑ ውስጥ የሚመሩን ሽማግሌ፣ ትከሻዬን ይዘው ይነቀንቁኛል። በሌላው እጃቸው መቅረጸ ድምፁን ይዘዋል። አልቃለች የተባለችውን ትንሽ እንቁራሪት ለመስማት ጅረቱ ዳር ዐሥራ አንድ ቀን ከርመናል። ነገ ጠዋት ድምፅዋን ቀርጸን ካላቀረብን፣ ድንጋይ የሚያወጡት ሰዎች ማሽናቸውን ጅረቱ ውስጥ ያስገባሉ።

“ጠራች!” አሉኝ። “እዚሁ፣ ከድንኳኑ ጎን! ልትጠራ ጉሮሮዋን ስትነፋ አይቼ ከፈትኩት። ስማ!”

ቁልፉን ተጫኑ። ዝናቡ ይሰማል። ከዚያ የእኔ ጩኸት፦ “እትዬ የሺመቤት! ስለ እመብርሃን!” ከጩኸቴ ሥር አንድ ቀጭን ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን መለየት አይቻልም። ቀጥሎ አንድ ነገር ውኃ ውስጥ ዱብ ሲል ተሰማ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ብቻ።

ኦቦ ገመቹ መቅረጸ ድምፁን አጠፉ።

“የሺመቤት ማናት?” አሉኝ።