አባ አንቀጽ እና የወንዝ ዳር መንገድ

ሕገ መንግሥቱን በደረት ኪሱ ይዞ የሚዞር ሽማግሌ የሌላት ከተማ በአገራችን በአሜሪካ የለችም። ነዳጅ ማደያ የሌላት አለች፤ ሐኪም የሌላትማ ሞልታለች። እሱ ግን የትም አይጠፋም። መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጉሮሮው ለንግግር እንደተጠረገ ነው። ‹‹ዛሬ እንዴት ይበርዳል!›› ያላችሁት እንደሆነ፣ ብርዱን የፈቀደው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ መልሶ ይጠይቃችኋል።

ለእኛ ለኤልደን ሆሎው ሰዎች የደረሱን ክቡር ኦሪን ታትል ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ላም ሲያልቡ ኖረው፣ ላሞቹን ከሸጡ ወዲህ የሚያልቡት እኛን ነው። ከኋላቸው ‹‹አባ አንቀጽ›› እንላቸዋለን። ከፊታቸው ምንም አንልም፤ ተራ የት አግኝተን!

በየዓመቱ ማርች በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ መላው የቬርሞንት ክልል እንደሚያደርገው እኛም በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንሰበሰባለን። የመንገዱን፣ የድልድዩን፣ የእሳት አደጋ መኪናውን ነገር እጅ እያወጣን እንወስናለን። የእኔ ዕጣ ፈንታ ሆኖ ወንበሬ ከአባ አንቀጽ ጎን ናት። ሊናገሩ ሲነሡ ክርናቸው የሚያርፈው ጎኔ ላይ ስለሆነ፣ ተቃውሞ መምጣቱን ከሰብሳቢዋ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ።

‹‹ክብርት ሰብሳቢ! ይሄን ሥልጣን ከየት አመጣነው?››

ይህቺ ጥያቄ የማትገባበት የለም። አንድ ጊዜ የፓስተሩ ባለቤት በቤተ ክርስቲያኑ የፖም ፓይ ውድድር ላይ ደንቡን ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ጋግረው፣ ራሳቸው ሊዳኙ ተቀመጡ። አባ አንቀጽ ብድግ አሉ። ‹‹እመቤቴ፣ ሕግ ማውጣቱም፣ ማስፈጸሙም፣ መፍረዱም አንድ እጅ ውስጥ ከገባ፣ እሱ እኮ ንጉሥ ነው!›› ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና፣ እውነት ለመናገር ሴትዮዋ ለራሳቸው አንደኛ ሊሰጡ ነበር። ሌላ ዳኛ ሲመረጥ፣ ሲሻር፣ እንደገና ሲመረጥ ፓዩ ደረቀ።

የከተማው ቦርድ ሕዝቡን ሳይጠይቅ በፖስታ ቤቱ ማእዘን ላይ ‹‹ቁም›› የሚል ምልክት የተከለ ጊዜም እንዲሁ ነው። አባ አንቀጽ ሕግ አክባሪ ስለሆኑ እስካሁን እዚያ ጋ ሳይቆሙ አያልፉም። ቆመው ግን የመኪናቸውን መስኮት ያወርዱና ‹‹በተቃውሞ!›› ብለው ይጮኻሉ። የሚሰማቸው የፖስታ ቤቱ ድመት ብቻ ነው።

በስብሰባው ቀን ምሳ ያበሰሉትን ሴቶች ለማመስገን ድምፅ ስንሰጥ እንኳ እጃቸውን በተቃውሞ ያወጣሉ። ‹‹ሁሉም ከተስማማ ያሰበ ሰው የለም ማለት ነው›› ይላሉ። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ትልቁንም ቁራሽ የሚቆርሱት ለእሳቸው ነው።

ሚስማር ልገዛ ሱቅ ሄጄ ከገቡብኝ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ የተጻፈባት ፊላደልፊያ ሳልደርስ አልወጣም። በተጻፈበት በዚያ በጋ እዚያ የነበሩ ነው የሚመስሉት።

‹‹መስኮቱን ሁሉ ዘግተው በሙቀት ሲቀቀሉ ከረሙ። ለምን ይመስልሃል፣ ሌስተር? የእንግሊዙን ንጉሥ እንደሆን አባረውታል። የጨነቃቸው የሚቀጥለው ንጉሥ ነዋ! ማን ሆነ መሰለህ?››

‹‹ማን ሆነ?››

‹‹እኛ! ብዙ ሆነን፣ ተናደን የተሰበሰብን ዕለት ንጉሡ እኛው ነን። ወረቀቱ የተጻፈው እኛን ለማሰር ነው።››

‹‹የጻፉት'ኮ ባሪያ ሲገዙ ሲሸጡ የነበሩ ሰዎች ናቸው›› አልኳቸው፣ ሚስማሬን ይዤ ለማምለጥ።

‹‹አየህ? መታሰር ነበረባቸው አላልኩህም!››

እንዲህ ስቀልድባቸው ሐዘን የማያውቁ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ሎይስ የምትባል አንድ ልጅ ነበረቻቸው። ሳቂታ ነበረች፤ በዚህ በአባቷ አንቀጽ ከሁላችንም በላይ የምትስቀውም እሷው ነበረች። ዴል ፍሬሼት የሚባል የመንደራችን ልጅ ጠጥቶ ሲነዳ በወንዝ ዳር መንገድ ላይ ገደላት። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷም ከዚያ ብዙ አልቆየችም። አባ አንቀጽ ሁለቱንም ቀበሩ፤ በሚቀጥለው ማርች መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ስለ ድልድዩ ተቃወሙ። ያን ቀን ክርናቸው ጎኔን ሲነካው ዕንባዬ መጣ።

ዴል ተፈረደበት፣ ታሰረ፣ ፍርዱን ጨረሰ። ባለፈው መኸር እናቱ ስትሞት ወደ ቤቷ ተመለሰ። ሌላ መግቢያ አልነበረውም። ቤቱ በወንዝ ዳሩ መንገድ መጨረሻ ላይ፣ ከድልድዩ ማዶ ብቻውን የቆመ ነው። አባ አንቀጽ የእሱን መኪና ላለማየት ወደ ከተማ የሚመጡት በኮረብታው ዞረው ሆነ። ከሰውነታቸው ጎደሉ። እኛም አየን፤ አንጀታችንን በሉን።

ዘንድሮ የስብሰባው ቀን ስለ መንገድ ጥገና ስንነጋገር፣ ግሌን ፓይክ ተነሣ። ግሌን የከተማውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና የሚነዳ፣ ከሎይስ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ደግ ሰው ነው።

‹‹ክብርት ሰብሳቢ፣ ሐሳብ አለኝ›› አለ። ‹‹ከሚመጣው ክረምት ጀምሮ ዴል ፍሬሼት እዚያ እስካለ ድረስ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለው መንገድ በረዶው እንዳይጠረግ።››

በእኛ አገር በረዶ ያልተጠረገለት ሰው ምን እንደሚሆን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ አምቡላንስ አይደርስበት፣ ሥራ አይሄድ፣ ማገዶ አይገባለት። ውጣ ማለት ነው። ዴል ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አንገቱን ደፋ።

‹‹እደግፋለሁ!›› አለ አንዱ። ‹‹እኔም!›› ‹‹እኔም!›› ከየአቅጣጫው መጣ። ማንም በክፋት አልተናገረም። ሁሉም አባ አንቀጽን እያየ ነበር፤ ለእሳቸው የምንሰጠው ያጣን ሰዎች የምንሰጠው ነገር ያገኘን መስሎን።

‹‹ተቃውሞ አለ?›› አሉ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሃሪየት። ወደ እኛ በኩል ግን አላዩም። ዛሬስ ዝም ይላሉ ብለን ነበር። እኔ ራሴ ዝም እንዲሉ ጸልዬላቸዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ይረፉ ብዬ።

ክርናቸው ጎኔ ላይ አረፈ።

‹‹ክብርት ሰብሳቢ›› አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ‹‹ይሄን ሥልጣን ከየት አመጣነው?››

‹‹አቶ ታትል!›› ግሌን ሊያለቅስ ደረሰ። ‹‹ለእርስዎ ብለን'ኮ ነው!››

‹‹አውቃለሁ፣ ልጄ። አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው።›› ወንበሩን ተደገፉ። ‹‹አንቀጽ አንድ፣ ክፍል አሥር። ሰውን በስሙ ጠርቶ፣ ያለ ዳኛ የሚቀጣ ሕግ ማውጣት ክልክል ነው። ለክልሉም ክልክል ነው፤ ለዚች መንደርማ ማን ፈቅዶላት! ይሄ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቧል። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። የተፈረደበት አነሰኝ። ዛሬም ያንሰኛል። ለዚህ ነው ዳኛው እኔ እንዳልሆን የተደረገው።››

ተቀመጡ። ‹‹በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ›› ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል! ግን ተረቱን የምንተርተው ጭብጦው የራሳችን ሲሆን ነው። በቅሎውም ጭብጦውም የሄደበት ሰው ለሌላው ጭብጦ ሲቆም እኔ ከዚያ ቀን በፊት አላየሁም።

ወይዘሮ ሃሪየት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ‹‹አቶ ታትል ልክ ናቸው›› አሉ። ‹‹ሐሳቡ ለድምፅ አይቀርብም። መንገዱ ይጠረጋል።›› ግሌን ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።

ምሳ ሆነ። ባቄላውን፣ የአሳማ ሥጋውን በሳህን ይዘን ጥግ ላይ ተቀመጥን። ሰው ሁሉ ምን እንደሚል ስላልገባው ከእኛ ራቅ አለ። ዴል ግን መጣ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ከፊታችን ቆመ።

‹‹አቶ ታትል…››

‹‹ቁጭ እንዳትል›› አሉት ቀና ሳይሉ።

‹‹አልቀመጥም። አመሰግናለሁ ልል ነው።››

‹‹አትበል። መንገዱ የከተማው ነው፤ ይጠረግልሃል። ይቅርታው ግን የእኔ ነው። የለኝም፣ ዴል። ፈልጌ አጣሁት። ሂድ በቃ።››

ዴል ራሱን ነቀነቀና ሄደ። አባ አንቀጽ ሹካቸውን አነሡ፤ ባቄላው ግን ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። እየለቀሙ ወደ ሳህናቸው መመለስ ጀመሩ።

‹‹ሌስተር›› አሉኝ ቀስ ብለው፣ ‹‹ሎይስ ብትሰማኝ ምን የምትል ይመስልሃል? ‹አባባ፣ ለእኔ እንኳ ስትል ዝም አትልም?› ትለኝ ይሆን?››

ሥልጣን ሁሉ ከየት እንደመጣ የሚያውቁ ሰው፣ ይህቺን አንዲት ጥያቄ እኔን ጠየቁኝ። እኚህን ነዝናዛ፣ እኚህን የሚስማር ቀን የሚያበላሹ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያኔ አወቅኩ። ወንበሬን አስጠግቼ ትከሻቸውን አቀፍኩ፤ እሳቸውም ከተማው ሁሉ እያየ እንደ ሕፃን አለቀሱ።