የአህዩት ማሳና የአፈር ጉባኤ

ተረት ላወራችሁ ነው፤ «የላም በረት» በሉኝ እንጂ! ምነው ዝም? እናንተም ስብሰባ ላይ ናችሁ እንዴ?

ድሮ፣ እንስሳት በቆሎ እያረሱ በሚኖሩበት ተዳፋት አገር፣ ባሏ የሞተባት እመት አህዩት የምትባል ገበሬ ነበረች። ባልስ ቢኖር! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ማሳዋ ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን እየላሰ ስስ አድርጎታል። ዘንድሮም ከተጠረገ ውርንጭሎቿ የሚቀምሱት የላቸውም። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ጉባኤ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ አያ ወጠጤ ጢሙን አሻሽቶ፣ «ወገኖቼ፣ አፈር እናታችን ናት!» አለ። ተጨበጨበ። «ከእንግዲህ በቆሎው ሲሰበሰብ አገዳው ማሳው ላይ ይቅር። ዝናቡን ይመክትልናል፣ አፈሩን ያለብስልናል። አንዲት ቅጠል የነካ ወዮለት!»

ሥራው በአህዩት ማሳ እንዲጀመር ተወሰነ፤ እሷም ሞዴል ገበሬ ተባለችና አንገቷ ላይ የአበባ ጉንጉን ተጠለቀላት። ደስ አላት፣ ምን ታድርግ! ውሃም እያሳሳቀ ይወስዳል።

በቆሎው ተሰበሰበ። አገዳው ተጋድሞ ማሳውን ሸፈነው፤ አማረበት። ያኔ አያ ወጠጤ፣ «ይህማ ሥልጠና ያስፈልገዋል» ብሎ ሁሉንም እዚያው ማሳ ላይ ሰበሰበ። ስለ አገዳ ጥቅም ሲሰሙ ውለው ሲያበቁ በሬ ተነሣ።

«ትምህርቱ ግሩም ነው። ግን አበሉስ?»

«እውነቱን ነው» አለች በቅሎ። «ያለ አበል ሥልጠና የት አገር አለ?»

ወጠጤ ግራ ቀኙን ቢያይ ከአገዳው በቀር የሚከፈል ነገር የለም። «እንግዲህ ለዛሬ ብቻ፣ አንዳንድ እስር ውሰዱ» አለ።

አህዩት ደነገጠች። «ኧረ በፈጠራችሁ! አገዳው ለአፈሩ ነው አልተባለም ወይ?»

«እመት አህዩት፣ አንቺ እኮ ሞዴል ነሽ! ሞዴል እንግዳ ታስርባለች? በይ አንቺም ድርሻሽን አንሺ።»

ይሉኝታ ያዛትና እሷም በላች።

ከዚያ የማጠናከሪያ ሥልጠና መጣ፤ አበል ተበላ። ከማዶ ተዳፋት ለልምድ ልውውጥ እንግዶች መጡ፤ እነሱም በሉ፣ ለመንገድም ቋጠሩ። በመጨረሻ «አገዳው ለምን አነሰ?» የሚል አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመና የቀረችውን በአበል ጨረሰ።

ሰኔ ገባ። ማሳው ራቁቱን ነው፤ በዚያ ላይ የተሰብሳቢ ሰኮና ረግጦ አጠጥሮታል፣ ውሃ አያስገባም። አንድ ኃይለኛ ዝናብ ጣለና አፈሩን ጠራርጎ ወንዝ ከተተው። አህዩት ጠዋት ብትወጣ ማሳው ድንጋይ ብቻ ሆኖ ጠበቃት። ውርንጭሎቿ ድንጋዩን እያሸተቱ እሷን እሷን ያያሉ። አለቀሰች። አህያ ስታለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አያሰማችሁ!

አያ ወጠጤ ጉባኤውን አስከትሎ ለማጽናናት ደረሰ።

«እመት አህዩት፣ በጣም አዝነናል። የደረሰብሽን ለሌላው እንድታስተምሪ ነገ እዚሁ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተናል።»

አህዩት እንባዋን ጠረገች።

«ማሳዬን በላችሁት፤ እኔም ሞኟ አብሬያችሁ በላሁ። ነገም ኑ፣ ግዴለም። የቀረው አበል ድንጋይ ነውና ጥርሳችሁን ስላችሁ ኑ!»