አንቱ ባሉኝ ቁጥር

የማታው ጎመን ይሁን የያዘኝ ጉንፋን እንጃ፣ ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። በሕልሜ ከተማችን አደባባይ መሀል ቆሜ ነበር።

አደባባያችንን ለማያውቅ ልንገረው። መሀሉ ላይ በእምነበረድ የተለበጠ የሐውልት መቆሚያ አለ፤ ሐውልቱ ግን የለም። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ሁሉ እጅግ የሚደነቀውን መርጦ እዚያ ላይ የሚያቆም ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር፤ እኔም አባል ነኝ። መጀመሪያ «ሃያኛው ክፍለ ዘመን በማን አቆጣጠር?» ተባባልንና የእኛና የፈረንጅ ብለን ተከፍለን ተኮራረፍን። ስንታረቅ ደግሞ አንዱ ጀግና ያለውን ሌላው ሽፍታ፣ አንዱ ሊቅ ያለውን ሌላው አስመሳይ እያለ መቆሚያው የፍየል መዋያ ሆኖ ቀረ።

በሕልሜ ግን መቆሚያው ዙሪያ ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ያ ሁሉ ጭቅጭቅ የተነሣባቸው ሙታን ናቸው፤ አውራ ጣታቸው ቀለም ነክቷል። ሊመረጡ አልመጡም፤ ከሕያዋን መሀል እጅግ የሚያደንቁትን ሊመርጡ ነው የመጡት። ፍየሏ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን እየበላች ትቆጥራለች።

ከፊት የነበሩትን አወቅኋቸው፤ ዐርበኛው ፊታውራሪ ደስታሁን ናቸው። እጅ ነሣሁ።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ?»

«ወይኔ ልጄ! አደሩ አትበለኝ!» ብለው ጮኹ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲሚንቶ ውስጥ ነው። «አንቱ ባሉኝ ቁጥር ይኸው እየደረቅሁ ነው። በደጉ ጊዜ ደስትዬ ነበር የምባለው። ከሞትኩ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ አንተ ብሎኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎ?»

«ስደበኛ!»

ፊታውራሪ እንዴት ይሰደባል? ዐይኔን ጨፍኜ፣ «አንተ... አንተ ሽፍታ!» አልኩ። ሲሚንቶው ረገፈ። ፊታውራሪው እንደ ጥጃ ቦረቀ።

ይኼን ያየ ሁሉ እኔ ላይ ተንጋጋ። ትምህርት ቤት ያሠሩት ወይዘሮ አጸደ፣ «ለእኔም፣ በሞቴ!» አሉኝ። «አንቺ ቋጣሪ!» አልኳት፤ ጫማዋን አውልቃ እስክስታ ወረደች። አንዱን ሊቅ «አስመሳይ» ስለው አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ከኮሚቴው ስብሰባ የለቀምኩት ስድብ ለአንድ ቀን እንኳ ለቁም ነገር ዋለ። ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቅ።

ሰልፉ ሲያልቅ ፊታውራሪው መቆሚያው ላይ ወጣና እጁን አነሣ።

«ወገኖቼ! እንዲህ ያለ ደግ ሰው ታይቶ ያውቃል?»

«አያውቅም!»

ፍየሏ የመጨረሻዋን ወረቀት ውጣ እኔን አየችኝ። ወዲያው ተሸክመው መቆሚያው ላይ አወጡኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት!» አሉኝ። እግሬን ሲሚንቶ ያዘው።

«ኧረ አንተ በሉኝ!»

«እንዴት ተደርጎ ጌታዬ? እርስዎ እኮ አንቱ የተባሉ ሰው ነዎት!»

ሲሚንቶው ጉልበቴ ላይ ደረሰ። ጥፋቴን ብናገር ይጠሉኛል ብዬ፣ «ቀጣፊ ነኝ! ድግስ ላይ ሁለቴ እበላለሁ! የጎረቤቴን አውራ ዶሮ በድንጋይ የመታሁት እኔ ነኝ!» አልኩ።

«አቤት ትሕትናዎ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ወገቤ ደረሰ። እርግብ መጥታ ጭንቅላቴ ላይ ዐረፈችና ማረፍ ብቻ አልበቃትም። ፈራሁ። ከዚህ በኋላ ማንም ሳያኮርፈኝ፣ ማንም ሳይቆጣኝ እስከ ዘላለም መቆሜ ነው።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ትርንጎ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በአደባባዩ ስታልፍ አየኋት። ሠላሳ ዓመት በትዳር ስንኖር ከ«አንተ» ሌላ ጠርታኝ አታውቅም።

«ትርንጎ! ድረሽልኝ!»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ዝርክርክ! ሽንኩርት ግዛ ብዬ ብልክህ እዚህ ተገትረሃል?»

ሲሚንቶው ተሰነጠቀ። ከዚያ የጣፈጠ ቃል በጆሮዬ ገብቶ አያውቅም። «ድገሚው የኔ እመቤት!» አልኳት። ልትደግመው አፏን ስትከፍት ነቃሁ።

ትርንጎ ራስጌዬ ቆማለች። አዲሱን ነጠላዋን ለብሳለች።

«ሰብሳቢው፣ አቶ ጥላዬ፣ ደውለው ነበር» አለችኝ። «ኮሚቴው ማታ ተስማማ።»

«ተይ እንጂ! በማን?»

«ከስብሰባው በቀረው ሰው። እዚያ የነበሩት ሁሉ ሲሰዳደቡ አምሽተው፣ ያልተሰደበው እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ።»

ማታ በጉንፋን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«እኔ? በሕይወት እያለሁ?»

«እሱ ነው የቸገራቸው። ደንቡ ለሞተ ሰው ነው የሚለው። 'ለመሆኑ ጉንፋኑ እንዴት አደረገው?' እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ተሽሎታል አልኳቸው። ቅር ሳይላቸው አልቀረም።»

ከት ብዬ ሣቅሁ። እሷም ትስቃለች፣ «አንተ ዝርክርክ» ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ፣ አጥሚቱን በሁለት እጇ አቀረበችልኝ።

«ይነሡ እንጂ» አለችኝ፤ «ሳይቀዘቅዝብዎ።»

እግሬን ከብርድ ልብሱ ላወጣ ሞከርኩ። አልንቀሳቀስ አለኝ።